የሕፃን ደም ምስክርነት

ትልቅ ሰው ሲታመም የበሽታው ተርጓሚ እርሱ ራሱ ነው፤ እዚህ ላይ ይወጋኛል፥ ከትናንት ወዲያ ጀመረኝ፥ ሌሊት ሌሊት ይብስብኛል ብሎ ለሐኪሙ ያስረዳል። አፉን ያልፈታ ልጅም ቢሆን ወራት ከገፋ በኋላ ጆሮውን በመጐተት፥ ሆዱን በመያዝ ሕመሙን ያመለክታል። ከተወለደ ሦስት ወይም ሰባት ቀን የሆነው ጨቅላ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም የለውም። ሲርበውም፥ ሲበርደውም፥ ሲረጥብበትም ልቅሶው አንድ ነው፤ ብርቱ ሕመም የያዘው ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያን አንዱን ልቅሶ እንኳ ይተወዋል። ጡት ሲሰጡት አይጠባም፤ ሲነኩት አይነቃም። በቤት ያለው ሰውም ነገሩን ሳያውቅ «ዛሬስ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ተኛልን» ብሎ ደስ ይለዋል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልናገር ያሰብሁት፥ አፍ የሌለው በሽተኛ በሚታከምበት ጊዜ ስለ እርሱ ሆኖ የሚመሰክረው ደሙ ስለ መሆኑ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የጉለሌ ነዋሪና የልጅ ልጅ ያየሁ ሽማግሌ ነኝ። ዳሩ ግን ቤቴ ከጳውሎስ ሆስፒታል ብዙ የማይርቅ ስለ ሆነ፥ የልጄም ልጅ በተወለደ በአራተኛው ቀን ታሞብን ስለ ነበር፥ ሐኪሞችን እየጠየቅሁ ጽሑፎችንም እየተመለከትሁ ጥቂት ተምሬአለሁ። የተማርሁትንም ለብቻዬ ከምይዘው ለአንባቢ ባካፍለው ይሻላል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ።

የጳውሎስን ሰፈር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ሆስፒታሉ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተመሠረተ ሲሆን፥ በ2000 ዓ.ም. የሐኪሞች ትምህርት ቤት ተከፍቶበት ዛሬ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይባላል። ጧት በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ በአጥሩ ሥር የተቀመጠ አባት፥ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ የምትቸኩል አያት፥ ከሰላሌ ወይም ከዚያ ከሚርቅ አገር ሌሊት ሲጓዝ ያደረ አስታማሚ ሳያይ አይቀርም። እዚያው አጠገብ ደግሞ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው ስፍራ አለ። ስሙ የተወረሰው ቀድሞ በዚያ ከነበረው፥ በፈረንሳዊው ሊቅ በሉዊ ፓስተር ስም ከተሰየመው የምርምር ቤት ነው፤ ዛሬ በዚያ ያለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው።

ይህ ስም ለነገራችን እጅግ የተስማማ ነው። ስለ ምን ቢሉ፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1879 በፓሪስ በሐኪሞች ጉባኤ ላይ፥ አራሶችን ይፈጅ የነበረው ትኩሳት እንደ ሰንሰለት ከተያያዙ ጥቃቅን ተሕዋስያን የሚመጣ መሆኑን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያሳየ ፓስተር ነውና። እርሱም በዚያ ዘመን ከታመሙት ሴቶች ደም ወስዶ ተሕዋስያኑ በዕቃ ውስጥ እንዲበቅሉ ያደርግ ነበር። ዛሬ በጳውሎስ የሕፃን ደም በጠርሙስ ተደርጎ ሲሞቅ የሚሠራው ሥራ በመሠረቱ ያው ነው። (ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ሳይጨመር የተጻፈው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ሕመሙን ሐኪሞች ሴፕሲስ ይሉታል፤ የእኛ ሰው የደም መመረዝ ይለዋል። ጨቅላው በሚወለድበት ጊዜ ከማሕፀን መንገድ፥ ወይም ከተወለደ በኋላ ከእትብቱ፥ ካልታጠበ እጅ፥ በሕክምናም ጊዜ በሰውነቱ ከሚገባው ቀጭን ቱቦ ተሕዋስያን ወደ ደሙ ይገባሉ። የትልቅ ሰው ሰውነት ጠላቱን ለመለየት ብዙ ዘመን የተለማመደ ነው፤ የሕፃኑ ግን ገና ወታደሩን ያላሠለጠነ አገር ይመስላል። ስለዚህ በትልቅ ሰው ሳምንት የሚፈጀው ሕመም በእርሱ ላይ በሰዓቶች ውስጥ ይፈጸማል። በአገራችን በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 28 ቀን ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2005 39 ነበሩ፤ በ2016 ግን 29 ሆነዋል። መቀነሱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ይሁን እንጂ 29 ማለት በየአንዳንዱ 35 ልደት ገደማ አንድ ለቅሶ ማለት ነው። ለዚህም ሞት ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ያለ ጊዜ መወለድ፥ በምጥ ጊዜ መታፈን፥ ሦስተኛውም ይህ በተሕዋስያን የሚመጣ ሕመም ነው።

የሐኪሙ ጭንቀት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የሕመሙ ምልክት ከሌላው ሁሉ ጋር ይመሳሰላል። ብርድ የመታው ሕፃንም ይደክማል፤ ሳንባው ያልጠና ሕፃንም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ የእናቱ ወተት ያልበቃው ሕፃንም ይፈዝዛል። ሐኪሙ እርግጠኛ እስክሆን ልቈይ ቢል ሕፃኑ ያመልጠዋል፤ የተጠረጠረውን ሁሉ መድኃኒት ልስጥ ቢል ደግሞ በኋላ የምናገረው ሌላ ክፉ ነገር ይመጣል። በእነዚህ በሁለቱ ገደሎች መካከል ያለውን ቀጭን መንገድ የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው።

በሕጋችን በአንድ ሰው ቃል ብቻ መፍረድ የተጠላ መሆኑን አንባቢዎቼ ያውቃሉ። የሕፃን ደምም እንዲሁ ነው፤ በውስጡ ሦስት ምስክሮች አሉ፥ ጠባያቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር የነጭ የደም ሴሎች ቈጠራ ነው። እነዚህ የሰውነት ወታደሮች ናቸው። ቈጠራው ፈጥኖ ይደርሳል፤ ነገር ግን ቃሉ የተደባለቀ ነው። ጤነኛ ሕፃን ሲወለድ ነጭ ሴሎቹ ከትልቅ ሰው ይልቅ እጅግ የበዙ ስለ ሆኑ፥ የትልቅ ሰው መለኪያ ለእርሱ አያገለግልም። ሐኪሞቹ ከብዛታቸው ይልቅ፥ ገና ለአቅመ ጦር ያልደረሱት ወጣቶች ሴሎች ከጠቅላላው ስንት እጅ እንደ ሆኑ ይመለከታሉ፤ ሰውነት ልጆቹን ሳይቀር ወደ ጦር ሜዳ ከላከ ጦርነቱ ብርቱ እንደ ሆነ ያስታውቃልና።

ሁለተኛው ምስክር ሲ-አር-ፒ የሚባለው ነው። ይህን በ1930 በኒውዮርክ በሮክፌለር የምርምር ቤት ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የሳንባ ምች የያዛቸውን ሰዎች ደም ሲመረምሩ አገኙት። ጉበት ጠላት የገባ መሆኑን ሲሰማ ወደ ደም የሚልከው ፕሮቲን ነው። ጠባዩም እንዲህ ነው፤ ሕመሙ በተነሣ ጊዜ ወዲያው አይገኝም። ለመነሣት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ከፍ ወዳለው ማዕረግ የሚደርሰውም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሕመሙ በጀመረበት ሰዓት የተጠየቀ ሲ-አር-ፒ «ምንም አላየሁም» ብሎ ቢመልስ፥ ውሸታም ሳይሆን ገና ያልደረሰ ምስክር ነው። ከዚህም ሌላ ምጥ የጸናበት ወይም በልደቱ ጊዜ የታፈነ ሕፃን ተሕዋስያን ሳይኖሩበት ይህ ፕሮቲን ከፍ ሊልበት ይችላል። እንግዲህ ይህን ምስክር ሁለት ጊዜ መጠየቅ ግዴታ ነው። በአንድ ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ሁለቱንም ጊዜ ዝቅ ብሎ ከተገኘ፥ ሐኪሙ ሕፃኑ ከዚህ ሕመም ነጻ ለመሆኑ ታላቅ ማስረጃ አገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምስክር ካልቸር የሚባለው፥ ደሙን በጠርሙስ አድርጎ በሰውነት ሙቀት ልክ እያሞቁ ተሕዋስያኑን ማብቀል ነው። ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር ይህ ነው፤ ጠላት አለ ብሎ ብቻ አይቀርም፥ ስሙን ከነአባቱ ይናገራል፤ በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞትና በየትኛው እንደማይሞትም ያስታውቃል። ጉድለቱ መዘግየቱ ነው። ለማብቀል ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቀን፥ ስሙንና መድኃኒቱን ለመለየት ደግሞ ከዚያ በላይ ይወስዳል። የተወሰደው ደም ከአንድ ሚሊ ሊትር ካነሰ፥ ወይም መድኃኒቱ ከደሙ በፊት ከተሰጠ ተሕዋስያኑ ሳይበቅሉ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ደም የሚቀዳው እጅና የሕፃኑ ቆዳ በደንብ ካልጸዱም የቆዳ ተሕዋስያን ገብተው በሐሰት ይመሰክራሉ።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ ብቻ ያነበብሁት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቶሎ በረሳሁት ነበር። ነገር ግን በዓይኔ አየሁት። የልጄ ልጅ በአራተኛው ቀን ጡት መጥባት ተወ። እኅቴ እግሩን በእጇ ይዛ «ይህ ልጅ ቀዝቅዟል፤ እንቅልፍ አይደለም» አለች። በዚያው ሰዓት ይዘነው ወደ አንድ ሆስፒታል ሄድን። የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። አስቀድማ ደም ወሰደች፤ ወዲያው ሁለት ዓይነት መድኃኒት አስጀመረችው። ማታ ውጤቱ መጣ፤ ሲ-አር-ፒው 4 ነው፥ ጥርጣሬ የሚጀምረው ከ10 በላይ ነው አሉን። ልጄ ዕንባዋን ጠርጋ «አባዬ፥ ደሙ ንጹሕ ነው ተባለ፤ እንግዲህ ወደ ቤታችን እንሂድ» አለችኝ። እኔም ወደ ሐኪሟ ሄጄ «ዶክተር፥ ከእንግዲህ ለምን ትይዙናላችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። እርስዋም በትሕትና «አባቴ፥ ይህ ምርመራ ወሬውን ገና አልሰማም ይሆናል። ነገ በዚህ ሰዓት ደግመን እንጠይቀዋለን፤ እስከዚያው አይሂዱብኝ» አለችኝ። በማግሥቱ ያው ቍጥር 61 ሆኖ ተገኘ። በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱ ክሌብሲየላ የሚባለውን ተሕዋስ አበቀለ፤ ከጀመርነው መድኃኒት ጋርም የማይሞት ሆኖ ስለ ተገኘ ሐኪሟ መድኃኒቱን ለወጠችው። ልጁ በአሥራ ስድስተኛው ቀን ከእናቱ ጋር ወደ ቤቱ ገባ።

በአጠገባችን የሁለት ቀን ልጅ የያዘች የሰላሌ ሴት ነበረች። ሕፃኗ አተነፋፈሷ አስጨንቆ እንደኛው ልጅ መድኃኒት ተጀምሮላት ነበር። ሲ-አር-ፒዋ ዛሬም ነገም ዝቅ አለ፤ ጠርሙሱም ባዶ ሆነ፤ ሳንባዋም ሲጠና አተነፋፈሷ ተስተካከለ። በሦስተኛው ቀን መድኃኒቱን አቁመው ሰደዷት። እናቲቱ ግን «መድኃኒቱን የከለከሉኝ ድኻ ስለ ሆንሁ ነውን?» ብላ አዝና ነበር። ነርሷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ነገሩን እስክታስረዳት ድረስ፥ መድኃኒት መተው ራሱ ሕክምና መሆኑን ማን ሊያምን ይችላል?

ሦስተኛው በሰባተኛው ወር የተወለደ ወንድ ልጅ ነው። ከሩቅ አገር ሲመጣ መንገዱ ሌሊቱን ሁሉ ፈጅቶበት ነበር። ደሙ ተወሰደ፥ መድኃኒቱም ተሰጠ፤ ነገር ግን በዚያው ሌሊት ደከመ። ካህን ተጠርቶ ከአርባ ቀኑ በፊት ተጠመቀና ስም ተሰጠው፤ ንጋት ላይ ዐረፈ። አባቱ ከቀብር በኋላ በሦስተኛው ቀን የቀረ ወረቀት ሊወስድ ተመልሶ መጣ። የጠርሙሱ መልስም የደረሰው በዚያ ቀን ነው። ነርሷ ልትነግረው አልፈለገችም ነበር፤ እርሱ ግን «የገደለብኝን ስሙን ንገሪኝ» አለና ጠየቃት። ነገረችው። ስሙ ለአፉ ስለ ከበደው ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አለውና ወጣ። ጥፋተኛ የሚባል ሰው በዚያ አልነበረም፤ ምስክሩ እውነተኛ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ደረሰ።

በእነዚህ በሦስቱ ሕፃናት ላይ ያየሁትን፥ በሰፈራችን በጳውሎስ የተደረገ አንድ ታላቅ ጥናት በብዙ ሺህ ሕፃናት ላይ አይቶታል። ከ2015 እስከ 2017 ባርናርድስ በሚባል ማኅበር ሥር በሰባት አገሮች፥ ይኸውም በባንግላዴሽ፥ በኢትዮጵያ፥ በሕንድ፥ በናይጄሪያ፥ በፓኪስታን፥ በሩዋንዳና በደቡብ አፍሪቃ 36,285 ጨቅላ ሕፃናት ተመዝግበው ነበር። የኢትዮጵያው ሥራ የተሠራው በጳውሎስ ነው። ከተመዘገቡት መካከል በ2,483 ሕፃናት ላይ ሴፕሲስ መኖሩ በደም ካልቸር ተረጋገጠ። በ2021 በታተመው ጽሑፍ እንደ ተገለጠው ዋናው ምክንያት ያው ክሌብሲየላ ነው። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደግሞ ይህ ነው፤ ለሕፃናት ሴፕሲስ በዓለም ሁሉ በመጀመሪያ የሚሰጡት አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የሚባሉት ሁለቱ መድኃኒቶች በዚያ ጥናት ከተገኙት ከዚህ ወገን ተሕዋስያን የሚበልጡትን የማይገድሉ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ ከላይ «ሌላ ክፉ ነገር» ብዬ ያቈየሁት ይህ ነው። መድኃኒት ያለ ፍርድ ለሁሉ በተሰጠ ቍጥር ደካማው ተሕዋስ ይሞታል፥ ብርቱው ይተርፋል፥ የተረፈውም ይበዛል። ዛሬ ለማያስፈልገው ሕፃን የተሰጠው መድኃኒት ነገ ለሚያስፈልገው ሕፃን የማይሠራ ይሆናል። ብዙ ሰው የደም ምርመራ ጥቅሙ በሽተኛውን ለማግኘት ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን እንዳስተዋልሁት ጥቅሙ እኩል ሁለት ነው፤ አንዱ በጊዜ ለመጀመር፥ ሁለተኛው በጊዜ ለማቆም። የሰላሌዪቱ ሴት ልጅ መድኃኒቷ መቆሙ ለእርስዋ ብቻ ሳይሆን በዚያው አልጋ ከእርስዋ በኋላ ለሚተኛው ሕፃን ጭምር የተደረገ ሥራ ነው።

በሌላው ዓለም ያሉ ሊቃውንትም ይህን የማቆም ጥበብ ይፈልጉታል። ፕሮካልሲቶኒን የሚባል ሌላ ምስክር አለ፤ ከሲ-አር-ፒ ይልቅ ፈጣን ነው፥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይነሣል። ነገር ግን በጤነኛው ሕፃንም ደም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል፥ ሐኪሙ ውጤቱን ከሕፃኑ ዕድሜ ሰዓት ጋር ማመዛዘን አለበት። በ2017 በታተመ ጥናት በኔዘርላንድ፥ በስዊስ፥ በካናዳና በቼክ አገር በሚገኙ 18 ሆስፒታሎች 1,710 ሕፃናት ተመርምረው ነበር፤ በዚህ ምርመራ እየተመሩ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ በ10 ሰዓት ያህል ቀድመው መድኃኒቱን አቆሙ። አሥር ሰዓት ትንሽ ይመስላል፤ እንደዚያ ያለ ጥበብና ሀብት ባለበት አገር እንኳ የተገኘው ይህን ያህል ብቻ መሆኑ፥ ብቻውን ሁሉን የሚፈታ ምርመራ ገና እንዳልተገኘ ያስተምረናል።

በዚህ ላይ ስለ ደም መወሰድ በቤተ ሰብ ዘንድ ያለውን ፍርሃት ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም። በሆስፒታሉ ወንበር ላይ ሳለሁ «የዚህን ቀንበጥ ደም ቀድተው ቀድተው ጨረሱት» የሚል የአያቶች እሮሮ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እሮሮው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በሰውነቱ ያለው ደም በጠቅላላው ሩብ ሊትር ያህል ነው፤ ይህም ቡና ከምንጠጣበት ሲኒ ሦስት ቢሞላ ነው። አንድ ኪሎ ብቻ የሚመዝነው ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደሙ ከአንድ ሲኒ ጥቂት ቢበልጥ ነው። እንደዚህ ካለ ዕቃ የሚቀዳ ሰው በእርግጥ መጠንቀቅ አለበት፤ ደጋግ ሐኪሞችም ይጠነቀቃሉ፥ ለከንቱ ምርመራ አይቀዱም። ነገር ግን ለካልቸር የሚያስፈልገው አንድ ሚሊ ሊትር የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ ነው። ይህን ጥቂት ነገር የሚከለክል ቤተ ሰብ የሕፃኑን ደም ያዳነ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን ስለ ሕፃኑ የሚናገረውን አንዱን አንደበት ዘጋ።

ደግሞም ማወቅ የሚገባን፥ ከሁሉ የሚሻለው የደም ምርመራ ሳያስፈልግ የቀረው መሆኑን ነው። በ1847 በቪየና ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም፥ የአስከሬን ምርመራ አድርገው ወደ ማዋለጃ የሚገቡ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ባዘዘ ጊዜ የአራሶች ሞት እጅግ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ ትእዛዙ ግን አላረጀም። ክሌብሲየላ በሆስፒታል ከአልጋ ወደ አልጋ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በእጅ ነው። የሕፃኑን ጕንጭ ለመሳም የሚጐነበስ ዘመድ፥ እትብቱን ቅቤ የሚቀባ አዋላጅ፥ ቱቦውን የሚያገናኝ አስታማሚ ሁሉ አስቀድሞ እጁን ይታጠብ።

አሁን ንግግሬን ወደ እናንተ ወደ ካህናት አባቶቼና ወደ ቤት አባወራዎች እመልሳለሁ። ሆስፒታል ምንም ያህል ቢሠለጥን፥ ላቦራቶሪውም ምንም ያህል ቢፈጥን፥ በቤት ተኝቶ ያለውን ሕፃን ደም ሊመረምር አይችልም። አራስ በልማዳችን ከቤት አትወጣም፤ ሕፃኑም ክርስትና እስኪነሣ፥ ወንዱ 40 ቀን፥ ሴቷ 80 ቀን በውስጥ ይሰነብታል፤ ዓይነ ሰብ እንዳያየው፥ ምች እንዳይመታው ይጋረዳል። ልማዱ እናትን ያሳርፋል፥ ሕፃኑንም ከብዙ እንግዳ እጅ ይጠብቃልና መልካምነት አለው። ነገር ግን መጋረጃው የታመመውን ሕፃን ከሐኪም የሚሰውር ሲሆን ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል።

ምልክቱም ለማንም የሚታወቅ ነው። በብዙ አገሮች ተደርጎ በ2008 የታተመ ጥናት፥ ከሁለት ወር በታች ያለን ሕፃን ወደ ሐኪም ቤት ለመላክ ሰባት ምልክቶች እንደሚበቁ አሳይቷል፤ እነርሱም መጥባት ማቃት፥ መንዘፍዘፍ፥ ካልነኩት በቀር አለመንቀሳቀስ፥ በደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መተንፈስ፥ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ መግባት፥ የሰውነቱ ሙቀት 37.5 ወይም ከዚያ በላይ መሆን፥ ወይም ከ35.5 በታች መውረድ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ የታየ እንደ ሆነ ሌሊቱ ይንጋ ማለት አይገባም። ሆስፒታል በራቀበት አገርም ቢሆን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዪቱ በቀበሌ አለች፤ ከ2013 ወዲህ በተዘረጋው ሥራ ታላቅ ሐኪም ቤት መድረስ ላልተቻለው ጨቅላ ሕክምና እንድትጀምርለት ተሰናድታለች።

የነፍስ አባት ሌላ ሰው በማይገባበት ሰዓት ወደ አራስ ቤት ይገባል፤ ቃሉም ከሐኪም ቃል ይልቅ ይሰማል። ሕፃኑ ደክሟልና ቶሎ ይጠመቅ ተብሎ የሚጠራውም እርሱ ነው። እንግዲህ በሰፈር ውስጥ ጨቅላ በአደጋ ላይ መሆኑን ከሁሉ አስቀድሞ ከሚያውቁት አንዱ ካህን ነው ማለት ነው። ሥርዓቱን ፈጽሞ መጽሐፉን ሲያጥፍ «ሐኪም አይቶታልን? ደሙስ ተመርምሯልን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ አይ ያሉት እንደ ሆነም መኪና እስኪገኝ ድረስ ባይለያቸው፥ ከሥራው ምንም አያጐድልም። በሆስፒታልም ሳሉ «ደሙ ንጹሕ ነው ተባለ» ብለው ሊወጡ ለሚቸኩሉ ወላጆች «ልጄ፥ በአንድ ምስክር አይፈረድም፤ ነገ ደግመው እስኪጠይቁ ቈይ» ቢላቸው ሐኪሞች በብዙ ቃል የማያስረዱትን በአንድ ቃል ያስረዳቸዋል።

አባወራውም ጥርጣሬ በተነሣ ጊዜ ሦስት ነገር ያስብ። ከቤት መድኃኒት ሳይሰጥ ፈጥኖ ይሂድ፤ ቤት የተሰጠ መድኃኒት ካለም ሳይደብቅ ይናገር፥ የካልቸሩን አንደበት ሊዘጋው ይችላልና። ደም ሊወሰድ ሲሉት አይከልክል፤ ለምን እንደሚወሰድ ግን ይጠይቅ፥ መጠየቅ መብቱ ነውና። መድኃኒት ጀምሩ ሲሉት እንደሚታዘዝ፥ አቁሙ ሲሉትም እንዲሁ ይታዘዝ። በየጊዜው ወደ ጳውሎስ አቅጣጫ ሕፃን ታቅፈው የሚቸኩሉ ሰዎችን ሳይ የምጸልየው አንድ ነገር ነው፤ ምስክሩ ፍርድ ቤቱ ሳይዘጋ እንዲደርስላቸው። እንዲደርስም የቀደመው ግማሽ መንገድ የእኛ የቤት ሰዎች ድርሻ ነው።